ኔትወርክ ላይ ያለው ሃርድ ዲስክ አልከፈት ሲል፦ ከዲስኩ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ መፈተሽ

ትናንት ማታ ይሠራ ነበር። ዛሬ ላፕቶፑን ከፍታችሁ ፎልደሩን ትነካላችሁ። ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ መጨረሻ ላይ የኔትወርክ መንገዱ አልተገኘም የሚል መልእክት ብቅ ይላል። ከሥሩ በ80070035 የሚያልቅ ቁጥር አለ። ዲስኩ ግን ያው ቦታው ላይ ነው፤ መብራቱም በርቷል።

በዚህ ጊዜ እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፋየርዎል ይጠፋል፣ ራውተር ሪሴት ይደረጋል፣ ፓስወርድ ይቀየራል። እንዲህ ተደርጎ ቢሠራም በምን እንደሠራ አይታወቅም። ባይሠራ ደግሞ በአንዱ ችግር ላይ ሦስት ይጨመርበታል። ስለዚህ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ከዲስኩ ጀምሩና ወደ ራሳችሁ ኑ። መጀመሪያ ዲስኩ፣ ቀጥሎ ዲስኩ የተሰካበት ዕቃ፣ ከዚያ በመሃል ያለው ኔትወርክ፣ በመጨረሻም ፈቃዱ። አንዱ ደህና መሆኑን ሳታረጋግጡ ወደ ሚቀጥለው አትለፉ። አንድ ነገር ስትቀይሩም ሌላ ከመንካታችሁ በፊት ሞክሩት፤ ካልረዳ ወደነበረበት መልሱት።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ማስታወሻ። ዲስኩ የተሰካበትን ዕቃ፣ ኮምፒውተርም ይሁን ራውተር፣ ከዚህ በኋላ «ባለዲስኩ» እለዋለሁ። የትዕዛዞቹንና የሜኑዎቹን ስም ደግሞ እዚህ በአማርኛ ፊደል ነው የጻፍኩት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን የምታገኟቸውም የምትጽፏቸውም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

መጀመሪያ ዲስኩን ራሱን እዩ

ዲስኩን ከባለዲስኩ ንቀሉና በቀጥታ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ባለዲስኩ ኮምፒውተር ከሆነ «ሴፍሊ ሪሙቭ» ብላችሁ፣ ራውተር ከሆነ ደግሞ በራውተሩ ገጽ ላይ ያለውን የማስወጫ ቁልፍ ተጭናችሁ ንቀሉት። ከዚያ ፎልደሮቹን ክፈቱ። አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ዴስክቶፕ ኮፒ አድርጉ። ያለ ችግር ካለቀ ዲስኩ ደህና ነው፤ ወደ ሚቀጥለው እለፉ።

ካልከፈተ ግን እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ዊንዶውስ አንዳንዴ ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ የሚል መስኮት ያመጣል። «ካንስል» በሉት። ያ መስኮት ዊንዶውስ የዲስኩን አሠራር ማንበብ አልቻልኩም ማለቱ ነው እንጂ ዲስኩ ባዶ ነው ማለቱ አይደለም። ዲስኩ ማክ ላይ ወይም ሊኑክስ ላይ ፎርማት የተደረገ ከሆነም ይኸው መስኮት ይመጣል፤ ፋይሉ ግን ሙሉ በሙሉ አለ። ስንት ሰው «ኦኬ» ብሎ የዓመታት ፎቶውን እንዳጣ ስለማውቅ ነው ደጋግሜ የምናገረው።

ቀጥሎ ጆሯችሁን አስጠጉ። ተሽከርካሪ ዲስክ ሲነሳ ለስለስ ያለ የሞተር ድምፅ አለው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ የሚደጋግም ከሆነ ግን ወይ ኤሌክትሪክ አንሶታል ወይ መረጃ የሚያነበው ጭንቅላቱ ታሟል። መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ጉዳይ ፈትሹ። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ነው፤ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። የራሱ ቻርጀር የሌለው ዲስክ መዞር ሲጀምር ከዚህ በላይ የሚፈልግበት ጊዜ አለ። ኮምፒውተር ላይ ደህና ሠርቶ ራውተር ላይ የሚያቅተው ዲስክ ብዙውን ጊዜ በሽታው ይኼ ነው። መፍትሔው የራሱ ኤሌክትሪክ ያለው የዩኤስቢ ሃብ በመሃል ማስገባት ነው። ኬብሉንም ቀይራችሁ ሞክሩ። አጭርና ወፈር ያለ ኬብል ከረጅሙና ከቀጭኑ ይሻላል።

ኬብል ተቀይሮ፣ ኤሌክትሪክ ተሟልቶም ቀጭ ቀጭ ማለቱን ካልተወ ሌላ ሙከራ አቁሙ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሊነበብ የሚችለውን አስፈላጊ ፋይል ብቻ ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ አውጡ። ቼክ ዲስክ የሚባለውን የጥገና ፕሮግራም እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ አታስኬዱ፤ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያለፋው የቀረችውን ዕድሜ ይጨርሳታል።

ድምፁ ደህና ሆኖ፣ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ፣ ራውተሩ ግን አላየውም ካለ ሦስት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው ያለ «ሴፍሊ ሪሙቭ» የተነቀለ ዲስክ ነው። እንዲህ የተነቀለ፣ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ ፎርማት የተዘጋጀ ዲስክ ላይ ሥራው በአግባቡ እንዳልተዘጋ የሚያሳይ ምልክት ይቀራል፤ አንዳንድ ራውተር ይህን ሲያይ ዲስኩን አልከፍትም ይላል ወይም ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል። ዊንዶውስ ላይ ሰክታችሁ፣ ዲስኩ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ቱልስ»፣ «ቼክ» በሉት። ሲጨርስ በደንቡ ንቀሉትና ወደ ራውተሩ መልሱት። ሁለተኛው የፎርማቱ ዓይነት ነው። ብዙ ራውተር ኤንቲኤፍኤስና ፋት32 ያነባል፤ ኤክስፋትን ግን ሁሉም አያነብም፤ የማክን ኤፒኤፍኤስ ደግሞ የሚያነብ ብርቅ ነው። ሦስተኛው ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። በቢትሎከር የተቆለፈ ዲስክ ራውተር ላይ ጨርሶ አይከፈትም። ባለዲስኩ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ እዚያው መከፈት አለበት፤ ያለዚያ ሌሎቹ ባዶ በር ነው የሚያንኳኩት።

ስለ ፎርማት አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። ማክ ያለው ሰው «ዲስኩ ኤንቲኤፍኤስ ስለሆነ እኔ መጻፍ አልችልም» ይላል። ዲስኩ ማኩ ላይ በኬብል ከተሰካ እውነት ነው፤ ማክ በራሱ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። በኔትወርክ ሲሆን ግን የሚጽፈው ባለዲስኩ ነው። ማኩ ፋይሉን ለባለዲስኩ ያቀብላል፣ ባለዲስኩ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ በኔትወርክ በኩል መጻፍ ካልቻላችሁ ምክንያቱን ፎርማቱ ላይ ሳይሆን ፈቃዱ ላይ ፈልጉት። ዲስኩ ፋት32 ከሆነ ግን ማንም በየትም በኩል ቢመጣ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቦታ እያለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ካለ ነገሩ ይኼ ነው።

ፊደሉ ተቀይሮ ይሆናል

ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ዲስክ መለያ የሚሆን አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሰጣል። ይህ የሚመለከተው ዲስኩ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ለተሰካ ሰው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ያስለፋኝ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ቤት ባለው ዴስክቶፕ ላይ የተሰካ ሃርድ ዲስክ አለን፤ የቤተሰቡ ፎቶ በሙሉ እሱ ላይ ነው። አንድ ቀን እህቴ «ፎቶው ከላፕቶፔ ላይ ጠፋ» አለችኝ። ዴስክቶፑ ላይ ሄጄ ሳየው ዲስኩ ይከፈታል። ኔትወርኩ ይሠራል። ፓስወርዱ ትክክል ነው። የሼሩ፣ ማለትም በኔትወርክ እንዲጋራ የተደረገው ፎልደር፣ ስም ከላፕቶፑ ላይ ይታያል፤ ስነካው ግን አይከፈትም። ራውተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሼሪንግ ሴቲንጉን አንድ በአንድ አየሁ። በሁለተኛው ቀን ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ትኩር ብዬ ሳይ ዲስኩ ጎን ያለው ፊደል «ኤፍ» ነው። ሼር ያደረግኩት ጊዜ «ኢ» ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ጠረጴዛው ሲጸዳ ዲስኩ ተነቀለ። በዚያው መሃል ፍላሽ ተሰካ፤ ነፃ የነበረውን «ኢ»ን ፍላሹ ወሰደው። ዲስኩ ተመልሶ ሲሰካ ፊደሉ ስለተያዘበት «ኤፍ» ሆነ። ሼሩ ግን የተመዘገበው በፊደሉ ነው። ዊንዶውስ «ፎቶ» የሚባለው ሼር «ኢ» ላይ ነው ብሎ ይዟል፤ እዚያ ሲሄድ ደግሞ ምንም የለም።

ይህን ለማወቅ ባለዲስኩ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን የትዕዛዝ መጻፊያ መስኮት ክፈቱና «ኔት ሼር» ብላችሁ ጻፉ። የሼሮቹ ስምና የሚያመለክቱት ቦታ ተዘርዝሮ ይወጣል። እዚያ ያለው ፊደልና ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ያለው ፊደል ከተለያዩ ችግሩን አገኛችሁት ማለት ነው።

ለማስተካከል ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ዲስክ ማኔጅመንት» ግቡ። ዲስኩ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ»፣ «ቼንጅ»። የድሮው ፊደል ነፃ ከሆነ እሱኑ መልሱለት፤ ሼሩ ያለ ሌላ ሥራ ይመለሳል። ግን እኔ የምመክረው እዚያው ሳላችሁ ከፊደላቱ ወደ መጨረሻው አካባቢ ያለ አንድ ፊደል እንድትሰጡት ነው፤ «አር» ወይም «ቲ» ይሁን። ፍላሽና ሌላ ዲስክ ሲሰካ ዊንዶውስ ከመጀመሪያዎቹ ፊደላት ነው የሚያድለው፤ «ቲ» ላይ የሚደርስበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። አዲስ ፊደል ከሰጣችሁት ሼሩን አንዴ እንደገና ማድረግ አለባችሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከዚህ ጣጣ ተገላገላችሁ።

አንድ ኔትወርክ ላይ ናችሁ?

ዲስኩ ደህና ነው፣ ፊደሉም ቦታው ላይ ነው እንበል። አሁን መሃሉን እንይ።

ባለዲስኩ ላይም የእናንተ ላፕቶፕ ላይም ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና «አይፒኮንፊግ» ብላችሁ ጻፉ። «አይፒቪ4 አድሬስ» ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍሩት። ብዙ ቤት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች መመሳሰል አለባቸው፤ ለምሳሌ አንዱ 192.168.1.20 ከሆነ ሌላውም በ192.168.1 መጀመር አለበት።

አንዱ 192.168.0፣ ሌላው 192.168.1 ካለ ቤት ውስጥ ሁለት ራውተር አለ ማለት ነው። ዋይፋዩ ጓዳ ድረስ እንዲደርስ ተብሎ ሁለተኛ ራውተር የተጨመረበት ቤት ይህ ይገጥመዋል። ሁለቱም ኢንተርኔት ስለሚሰጡ ማንም ልብ አይልም፤ ዲስኩን ግን ለያይተውታል። ሁለተኛውን ራውተር ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሰራጭበት «አክሰስ ፖይንት» ሞድ ቀይሩት። ጊዜ ከሌላችሁ ሁለቱንም ኮምፒውተር አንዱ ራውተር ላይ ብቻ አገናኙ።

ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም። ኬብሉን ወይም ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩ። አድራሻ እስኪያገኝ ድረስ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ቁጥሮቹ ተመሳስለውም ላይገናኙ ይችላሉ። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ገብታችሁ ከሆነ ራውተሩ ሆን ብሎ ከሌሎቹ ይለያችኋል፤ ሥራው ነው። ቪፒኤን ከበራም ላፕቶፑ መንገዱን ወደ ውጭ አዙሮ ይሆናል። አጥፉትና ሞክሩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ በብዛት የሚገጥመው ግን ዊንዶውስ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ መመደቡ ነው። አዲስ ራውተር ስታስገቡ ወይም የዋይፋዩን ስም ስትቀይሩ ዊንዶውስ የማያውቀው ኔትወርክ ነውና ራሱን ይደብቃል። ባለዲስኩ ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ግቡ፤ የተገናኛችሁበትን ኔትወርክ «ፕሮፐርቲስ» ክፈቱና «ፕራይቬት» አድርጉት። ከዚያ «አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ» ውስጥ በፕራይቬት ሥር «ኔትወርክ ዲስከቨሪ» እና «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ» መብራታቸውን እዩ። ፋየርዎሉን ማጥፋት አያስፈልጋችሁም። ይህ ሲስተካከል ፋየርዎሉ የሚያስፈልገውን በር ራሱ ይከፍታል። የሌላ ድርጅት አንቲቫይረስ ካላችሁ ግን የራሱ ፋየርዎል ስላለው እሱም ውስጥ የቤቱን ኔትወርክ የሚታመን ብላችሁ መመደብ አለባችሁ።

መንገዱ ክፍት መሆኑን እርግጠኛ ለመሆን ፒንግ የሚባለው የ«አለህ ወይ?» ትዕዛዝ ብቻውን አይበቃም። ባለዲስኩ ደህና ሆኖ ለፒንግ መልስ ላይሰጥ ይችላል፤ ለፒንግ መልስ ሰጥቶም የፋይሉ በር ዝግ ሊሆን ይችላል። የፋይል መጋሪያው ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል፤ በሩም 445 ቁጥር ፖርት ነው። ላፕቶፑ ላይ ፓወርሼል ክፈቱና «ቴስት-ኔትኮኔክሽን 192.168.1.20 -ፖርት 445» ብላችሁ ጻፉ፤ ቁጥሩን በባለዲስኩ አድራሻ ተኩት። የመጨረሻው መስመር «ትሩ» ካለ መንገዱም በሩም ክፍት ነው፤ ከዚህ በኋላ የቀረው የፈቃድ ጉዳይ ነው። «ፎልስ» ካለ ፈቃድና ፓስወርድ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ እዚሁ ኔትወርኩ ላይ ቆዩ።

በነገራችን ላይ ይህን 445 ቁጥር በር ከውጭ ሆኜ ልጠቀምበት ብላችሁ ራውተሩ ላይ ለኢንተርኔት እንዳትከፍቱት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን የቆለፈው በዚሁ በር በኩል እየገባ ነው።

በስም ሳይሆን በአድራሻ ሞክሩ

ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ኔትወርክ» የሚለውን ስትነኩ ባለዲስኩ ካልታየ ዲስኩ ጠፋ ማለት አይደለም። ዝርዝሩ ላይ መታየትና መከፈት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ከላይ ባለው የአድራሻ መጻፊያ ላይ \\192.168.1.20 ብላችሁ ኢንተር በሉ። ማክ ላይ ፋይንደር ውስጥ ኮማንድና «ኬ»ን አንድ ላይ ተጫኑና ከአድራሻው በፊት «ኤስኤምቢ» ከዚያ :// ጻፉ።

በአድራሻ ተከፍቶ በስም ካልተከፈተ ዲስኩም ፈቃዱም ደህና ነው፤ የታመመው ስሙን ወደ አድራሻ የሚቀይረው ክፍል ነው። ባለዲስኩ ዊንዶውስ ከሆነ «ሰርቪስስ» ውስጥ «ፈንክሽን ዲስከቨሪ ሪሶርስ ፐብሊኬሽን» የሚባለውን «አውቶማቲክ» አድርጋችሁ አስነሱት። ራሱን ለሌሎች የሚያስተዋውቀው በእሱ ነው።

እኔ ግን በስም መልፋቱን ትቼ በአድራሻ ነው የምጠቀመው። አድራሻው እንዳይቀያየር ራውተሩ ገጽ ላይ ገብታችሁ «ዲኤችሲፒ ሪዘርቬሽን» ወይም «አድሬስ ሪዘርቬሽን» ከሚለው ሥር የባለዲስኩን አድራሻ አስይዙለት። ያለዚያ ራውተሩ ሲጠፋና ሲበራ 20 የነበረው 23 ይሆናል፤ ላፕቶፑ ላይ ያስቀመጣችሁት አቋራጭ ደግሞ እዚያው 20 ላይ ይቀራል። «ራውተሩን ባጠፋሁት ቁጥር ዲስኩ ይጠፋል» የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ያድርግ።

ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ትክክሉን ብሰጠውም አይቀበልም

ሰውን በጣም የሚያበሳጨው ይኼኛው ነው። ዊንዶውስ የሚጠይቀው የእናንተን ላፕቶፕ ፓስወርድ አይደለም። የባለዲስኩን ነው። ላፕቶፑ «ማን ነህ?» ብሎ የጠየቀ ይመስላል እንጂ ጠያቂው ከወዲያ ያለው ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ያለ ዩዘር ስምና ፓስወርድ ነው የሚሰጠው።

ፒን አይሠራም። ባለዲስኩን በየቀኑ የምትከፍቱት በአራት አኃዝ ቢሆንም ያ ቁጥር ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ የተሰጠ ነው፤ በኔትወርክ አያልፍም። በማይክሮሶፍት አካውንት የምትገቡ ከሆነ ስሙ ኢሜይላችሁ፣ ፓስወርዱም የዚያው አካውንት ፓስወርድ ነው። ጭራሽ ፓስወርድ የሌለው ዩዘር ደግሞ ዊንዶውስ በኔትወርክ እንዲገባ አይፈቅድም። ባዶ ትታችሁ ኢንተር ብትሉ አይቀበልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ»ን ያጠፋል። አልመክርም። ዋይፋያችሁን የሚያውቅ ሁሉ ዲስኩን ያገኘዋል፤ አዲሶቹ ዊንዶውሶችም እንዲህ ያለውን ክፍት በር እየዘጉት ነው። ከዚያ ይልቅ ለዲስኩ ብቻ የሚሆን አንድ ዩዘር ፍጠሩ። ባለዲስኩ ላይ «ሴቲንግስ»፣ «አካውንትስ»፣ «አዘር ዩዘርስ»፣ «አድ አካውንት»። ኢሜይል ሲጠይቃችሁ የሰውየው መግቢያ መረጃ የለኝም የሚለውን ምረጡ፤ ቀጥሎ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት የሚለውን። አጭር ስምና ጥሩ ፓስወርድ ስጡት። ቤት ያለው ሁሉ ዲስኩን በዚህ ስም ይከፍታል። የእናንተ ኢሜይልና ፓስወርድም ለማንም አይነገርም።

ከላፕቶፑ ስትገቡ ስሙን ከባለዲስኩ ስም ጋር ጻፉት፦ መጀመሪያ የኮምፒውተሩ ስም፣ ከዚያ \ ምልክት፣ ከዚያ የዩዘሩ ስም። እንዲህ ሲሆን ዊንዶውስ ዩዘሩን የላፕቶፑ ነው ብሎ አይሳሳትም።

አሁንም እምቢ ካለ የድሮ ፓስወርድ አስቀምጦ ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ ላይ ስታርትን ከፍታችሁ «ክሬደንሻል ማኔጀር» ብላችሁ ፈልጉ። «ዊንዶውስ ክሬደንሻልስ» ውስጥ የባለዲስኩ ስም ወይም አድራሻ ያለበትን ሁሉ አጥፉ። ከአንድ በላይ ዩዘር ስም መጠቀም አይቻልም የሚል 1219 ቁጥር ስህተት ከመጣ ደግሞ በሌላ ስም የተከፈተ ግንኙነት አለ ማለት ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ኔት ዩዝ * /ዲሊት» በሉና ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። ይህ ትዕዛዝ ሌሎች የኔትወርክ ድራይቮችንም አብሮ ያቋርጣል፤ እነሱን መልሳችሁ ታገናኛላችሁ።

ገባሁ፤ ግን «አክሰስ ዲናይድ» ይላል

ዊንዶውስ ላይ አንድ ሼር ሁለት በር አለው። አንደኛው የሼሩ ፈቃድ ነው፤ በኔትወርክ ለሚመጣ ሰው ብቻ። ሁለተኛው የፎልደሩ የራሱ ፈቃድ ነው፤ ለሁሉም። ሁለቱንም ማለፍ ግዴታ ነው፤ ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል። አንዱን ከፍታችሁ ሌላውን ከረሳችሁ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሆናል።

የመጀመሪያው በር፦ ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሼሪንግ»፣ «አድቫንስድ ሼሪንግ»፣ «ፐርሚሽንስ»። በዚህ መንገድ የተሠራ አዲስ ሼር ላይ ዊንዶውስ ለ«ኤቭሪዋን» የሚሰጠው ማንበብ ብቻ ነው። «ይከፈታል ግን ማስቀመጥ አልችልም» የሚባለው አብዛኛው ቅሬታ መነሻው ይኼ ነው። አሁን የፈጠራችሁትን ዩዘር ጨምሩና «ቼንጅ» የሚለውን ሳጥን ምረጡለት።

ሁለተኛው በር፦ እዚያው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሴኪዩሪቲ»። ዲስኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሠራ የነበረ ከሆነ እዚህ በስም ፋንታ በ«ኤስ-1-5-21» የሚጀምር ረጅም ቁጥር ታያላችሁ። ያ የድሮው ኮምፒውተር ዩዘር ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ስሙን አያውቀውምና ቁጥሩን ብቻ ያሳያል። «ኤዲት»፣ «አድ» ብላችሁ አዲሱን ዩዘር አስገቡና «ሞዲፋይ» ስጡት። ይህን ሥራ ሼር ባደረጋችሁት ፎልደር ላይ ብቻ ሥሩ እንጂ በጠቅላላው ዲስክ ላይ አታድርጉት። በሺዎች የሚቆጠር ፋይል ካለ ቆይታ ይጠይቃል፤ በመሃል አታቋርጡት።

ባለዲስኩ ማክ ሆኖ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ካልገባም የሚረሳ አንድ ሳጥን አለ። «ሲስተም ሴቲንግስ»፣ «ጀነራል»፣ «ሼሪንግ»፣ ከዚያ «ፋይል ሼሪንግ» ውስጥ «ኦፕሽንስ» ግቡ። ከታች ለዊንዶውስ ፋይል መጋራት የሚል ክፍል አለ፤ የዩዘሩ ስም ጎን ምልክት አድርጉና ፓስወርዱን አስገቡ።

ምንም ሳልነካ ከአፕዴት በኋላ ቆመ

ይህን የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው። ዲስኩ ራውተር ላይ የተሰካ ከሆነ በተለይ።

የቆየ ራውተር የሚናገረው የመጀመሪያውን ኤስኤምቢ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከወጣው 1709 ከሚባለው እትሙ ጀምሮ ይህን አሮጌ ቋንቋ አዲስ ሲጫን አያካትተውም። መልእክቱ ኤስኤምቢ1ን ከጠቀሰ ነገሩ ግልጽ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር ሁሉ «ኤስኤምቢ1ን መልሳችሁ አብሩት» ነው። ይሠራል፤ ግን አታድርጉት። የተዘጋው በምክንያት ነው፤ ከላይ ያነሳሁት ዋናክራይ ያለፈው በእሱ ቀዳዳ ነበር። መጀመሪያ የራውተሩን ፈርምዌር፣ ማለትም የውስጥ ሶፍትዌሩን፣ አፕዴት አድርጉና ሴቲንጉ ውስጥ ኤስኤምቢ2 ወይም 3 የሚል ምርጫ መጥቶ እንደሆነ እዩ። ካልመጣ ዲስኩን ከዚያ ራውተር ነቅላችሁ ሁልጊዜ የሚበራ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት።

ሁለተኛው ለውጥ የዊንዶውስ 11 24ኤች2 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው። ፕሮ የሚባለው እትሙ ያለ ስምና ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን ዘግቷል፤ ግንኙነቱም በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ ያስገድዳል። ራውተራችሁ ዲስኩን ለሁሉም ክፍት አድርጎት ከነበረ ከዚህ አፕዴት በኋላ ያልተረጋገጠ የእንግዳ መግቢያ ተከልክሏል የሚል መልእክት ይመጣል። መድኃኒቱ ራውተሩ ገጽ ላይ ገብቶ ለዲስኩ ስምና ፓስወርድ ማውጣት ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስልክና ቴሌቪዥን

አይፎን ላይ «ፋይልስ» ውስጥ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ «ኮኔክት ቱ ሰርቨር» በሉ። ሌላ የፋይል አፕ ከተጠቀማችሁ «ሎካል ኔትወርክ» የሚለው ፈቃድ ለአፑ መሰጠቱን ሴቲንግ ውስጥ እዩ፤ ከተከለከለ አፑ ምንም ሳይናገር ባዶ ዝርዝር ነው የሚያሳያችሁ። አንድሮይድ ላይ ኤስኤምቢ የሚችል የፋይል ማኔጀር ያስፈልጋል። ቴሌቪዥን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በኤስኤምቢ ሳይሆን ዲኤልኤንኤ በሚባል ሌላ መንገድ ነው ፊልም የሚያገኘው። ራውተሩ ላይ «ሚዲያ ሰርቨር» የሚለው መብራት አለበት፤ አዲስ ፊልም ካስገባችሁ በኋላም ዲስኩን እንደገና እስኪቃኝ መጠበቅ አለ።

ይከፈታል፣ ከዚያ ይጠፋል

ባለዲስኩ ኮምፒውተር ከተኛ ዲስኩም አብሮ ይተኛል። «ፓወር» ሴቲንግ ውስጥ ቻርጀር ላይ ሲሆን እንዳይተኛ አድርጉት። ስክሪኑ ይጥፋ፤ እሱ ችግር የለውም። ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑ ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግም እዩ።

ዲስኩ ብቻውን የሚያርፍበት ጊዜም አለ። ለተወሰነ ደቂቃ ያልተነካ ዲስክ መዞሩን ያቆማል፤ ስትነኩት እስኪነሳ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል። በዚያ መሃል ላፕቶፑ ተስፋ ቆርጦ «አልተገኘም» ሊል ይችላል። ሁለተኛ ስትነኩት ከተከፈተ ብልሽት የለም። ካስቸገራችሁ «አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ» ውስጥ «ተርን ኦፍ ሃርድ ዲስክ አፍተር» የሚለውን 0 አድርጉ፤ «ዩኤስቢ ሰለክቲቭ ሰስፔንድ»ንም አጥፉ።

ላፕቶፑ ሲነሳ የኔትወርክ ድራይቩ ላይ ቀይ «ኤክስ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ዋይፋዩ ሳይገናኝ ዊንዶውስ ዲስኩን ስለፈለገው ነው። አንዴ ደርባችሁ ንኩት፤ ይከፈታል።

ስለ ፍጥነት የሚጠይቅ ካለ ደካማው ቦታ የት እንደሆነ አስሉ። በ100 ሜጋቢት ኬብል የሚያልፈው ቢበዛ በሰከንድ ወደ 12 ሜጋባይት ነው፤ 10 ጊጋባይት ፊልም 14 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ዲስኩ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ከዚህ አያልፍም። 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ከግድግዳ ጀርባ ከሆናችሁ ከዚያም ያንሳል። ብዙ ፋይል የምታዛውሩ ቀን ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰኩት።

ሁሉም ሲስተካከል ትንሽ ወረቀት ቁረጡና የባለዲስኩን አድራሻ፣ የሼሩን ስም፣ የዲስኩን ፊደልና ያን ዩዘር ስም ጻፉበት። ዲስኩ ጀርባ ላይ ለጥፉት። ፓስወርዱን ግን እዚያ አትጻፉ።